የኢንተርፌሮሜትር ሳጥኑ፦ ለኤተር አይበቃም፣ ለብርሃን መንገድ ግን ይበቃል

ክዳኑን ብታምኑት ይህ የኢንተርፌሮሜትር (ብርሃንን ለሁለት ከፍሎ መልሶ የሚያገናኝ መለኪያ) ሳጥን ሁለቱ አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች ማይክልሰንና ሞርሊ በ1887 ኤተርን፣ ማለትም ብርሃን ይጓዝበታል ይባል የነበረውን ነገር፣ የፈለጉበትን ሙከራ በክፍል ጠረጴዛ ላይ ያስደግማል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አያስደግምም። ለገጣፎም ሆነ ሰንዳፋ፣ ቡራዩም ሆነ ሰበታ ያለ ትምህርት ቤት ይህን ዕቃ ኤተርን ልፈትንበት ብሎ ከገዛው ገንዘቡን ውሃ በላው። ብርሃን ለሁለት ተከፍሎ፣ ሄዶ፣ ተመልሶ ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ላሳይበት ካለ ግን ዋጋውን ያወጣል።

ውስጡ ያለው ይህ ነው፦ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ሰሌዳ፣ 650 ናኖ ሜትር የተጻፈበት ቀይ ሌዘር ዳዮድ፣ ጨረሩን የምታሰፋ ትንሽ ሌንስ፣ ግማሹን ብርሃን አሳልፎ ግማሹን የሚመልስ ብርጭቆ (ከዚህ በኋላ «ከፋዩ» እንበለው)፣ የከፋዩ እኩያ የሆነ ማካካሻ ብርጭቆ፣ ፊታቸው የተቀባ 2 መስታወቶች፣ አንደኛውን መስታወት የሚገፋ ማይክሮሜትር፣ ስክሪን፣ 5 ሳንቲ ሜትር የምትረዝም የአየር ዕቃ ከነእጅ ፓምፗ፣ ከሥር ደግሞ በኩሽኔታ የሚዞር ክብ መቀመጫ። እያንዳንዱ ክንድ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህችን 20 ያዟት፣ ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ነው።

ጨረሩ ከሌዘሩ ወጥቶ ከፋዩን 45 ዲግሪ ላይ ይመታል። ግማሹ ታጥፎ ወደ ጎን መስታወት ይሄዳል፣ ግማሹ ብርጭቆውን አልፎ ወደ ፊተኛው። ሁለቱም በመጡበት ተመልሰው ከፋዩ ላይ ይገናኙና እንደገና ይከፈላሉ፦ አንዱ እጅ ወደ ስክሪኑ፣ ሌላው እጅ ወደ ሌዘሩ። መመሪያው ወደ ሌዘሩ ስለሚመለሰው ትንፍሽ አይልም፤ ተማሪ ግን ሳይጠይቅ አይቀርም፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁር በሆነው ቦታ ብርሃኑ የት ገባ? መልሱን በ5 ደቂቃ ማሳየት ይቻላል። ሌንሷን አውጡ። አንድ ካርቶን በምስማር ብሱና ጨረሩ በቀዳዳው እንዲያልፍ ሌዘሩ ፊት አቁሙት። የምትመለሰዋ ነጠብጣብ ከቀዳዳው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብላ ካርቶኑ ላይ እንድታርፍ መስታወቶቹን ጥቂት አዘንብሉ። አሁን ሰሌዳውን በጣት ጫፍ ጫን ስትሉት የስክሪኗ ነጠብጣብ ስትጠቁር የካርቶኗ ትደምቃለች፣ ያቺ ስትደምቅ ይቺ ትጠቁራለች። ብርሃኑ አልጠፋም፣ በሌላው በር ወጣ። ለዚህች ብቻ እንኳ ሳጥኑን መክፈት አያስቆጭም። ወደ ዳዮዱ አፍ በቀጥታ የሚመለስ ብርሃን ሌዘሩን ስለሚያወላውለው ያቺ 2 ሚሊ ሜትር ለሌሎቹ ሙከራዎችም ትጠቅማለች።

ጊዜ የሚበላው አገጣጠሙ ነው፣ መመሪያው ግን 4 መስመር ብቻ ሰጥቶታል። ሌንሷ ገና አትግባ። ካርቶን ላይ በመስታወቱ መሃል ቁመት መስመር አስምሩ፤ ካርቶኑን መጀመሪያ ሌዘሩ አጠገብ፣ ቀጥሎ መስታወቱ አጠገብ አቁሙት፣ ነጠብጣቧ ሁለቱም ጋ መስመሩ ላይ ማረፍ አለባት። የግንበኛ ውሃ ልክ ይዘው የሚመጡ አሉ፤ አያስፈልግም፣ ጨረሩ መስማማት ያለበት ከሰሌዳው ጋር ነው እንጂ ከወለሉ ጋር አይደለም። ከፋዩ ሲገባ ስክሪኑ ላይ ከ2 በላይ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እያንዳንዱ መስታወት አንድ ደማቅና አንድ ወይም ሁለት ፈዛዛ ይልካል፤ ፈዛዞቹ ካልተቀባው የከፋዩ ገጽ የሚመጡ ናቸው። ደማቁን ከደማቁ አገናኙ። ደማቁን ከፈዛዛው ያገናኘ ሰው ሽንትሮቹ (ሁለቱ ጨረሮች ሲገናኙ የሚወጡት ብሩህና ጥቁር መስመሮች) ቀለሙ እንደለቀቀ ጨርቅ ደብዝዘው ይወጡበታል ወይም ጭራሽ አይወጡም፣ ከዚያ ሌዘሩን ይራገማል። ትክክለኞቹ ሲደራረቡ ነጠብጣቧ ራሷ ትብለጨለጫለች። ያኔ ሌንሷን ስትገጥሙ ብሩህና ጥቁር ሽንትሮች ወይም ቀለበቶች ስክሪኑን ይሞሉታል።

ሽንትሩ ከመጣ በኋላ ቶሎ ቶሎ የሚደበዝዝ ከሆነ ክንዶቹን በማስመሪያ ለኩ። ርካሽ ዳዮድ ሁለቱ መንገዶች ሲበላለጡበት አይወድም፤ ልዩነቱ ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሌዘሩ ሲሞቅ የሞገዱ ርዝመት ዘሎ ስለሚቀየር ከማንኛውም ቆጠራ በፊት 15 ደቂቃ ይብራ። ኃይሉም ከግድግዳ ሶኬት ባይሆን ይመረጣል። መብራት ወጣ ገባ ሲል አብሮ የሚመጣው አዳፕተር ያንኑ ለሌዘሩ ያቀብላል፤ የስልክ ፓወር ባንክ ይሻላል።

ማይክሮሜትሩ ደህና ነው። እጀታው 20 እጥፍ በሚቀንስ ማንሻ መስታወቱን ይገፋል፤ እጀታው ላይ 0.20 ሚሊ ሜትር ማለት መስታወቱ ላይ 10 ማይክሮን ነው፣ ያ ደግሞ ወደ 31 ሽንትር ያሳልፋል፣ ምክንያቱም ብርሃኑ ሄዶ ስለሚመለስ ለአንድ ሽንትር የሞገዱ ግማሽ ብቻ ይበቃል። እጀታውን አንዴ ወደ ጀመራችሁበት አቅጣጫ ብቻ አዙሩ፤ ወደ ኋላ ከመለሳችሁት ጥርሱ እስኪነክስ ድረስ እጀታው ይዞራል መስታወቱ ግን ንቅንቅ አይልም፣ ቆጠራውም ይበላሻል።

አሁን ወደ ኤተሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ድምፅ በአየር እንደሚጓዝ ሁሉ ብርሃንም የሚጓዝበት ነገር አለ ተብሎ ይታመን ነበር፣ ስሙም ኤተር። ምድር ፀሐይን በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር እየዞረች ከሆነ የኤተር ነፋስ ሊነፍስባት ይገባል፤ ነፋሱን ተከትሎ ሄዶ የሚመለሰው ብርሃን ነፋሱን ከሚያቋርጠው ይዘገያል። የመመሪያው ሥዕል እዚህ ላይ ተሳስቷል። የሚያቋርጠውን ጨረር ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ እንደሚመለስ፣ ምንም እንዳልነካው አድርጎ ስሎታል። አዋሽን ዋኝቶ ትክክል ከፊት ለፊቱ ካለው ዛፍ መድረስ የፈለገ ሰው ወንዙ እንዳይወስደው ወደ ላይ ማዝመም አለበት፣ ስለዚህ መንገዱ ይረዝማል። ጨረሩም እንደዚያው፤ በኤተሩ ውስጥ የሚሄደው በሰያፍ ነው፣ መዘግየቱም የሌላኛው ግማሽ ነው። ሥዕሉን የሳለው ሰው ግን ብቻውን አልተሳሳተም። ማይክልሰን ራሱ በ1881 ጀርመን አገር ፖትስዳም ላይ በሠራው የመጀመሪያ ሙከራ ይህን ዘንግቶት የጠበቀው ፈቅ ማለት እጥፍ ሆኖበት ነበር፤ ሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎሬንትዝ በ1886 ስሌቱን አስተካክሎታል። በሥዕሉ ላይ ሰያፉን በእርሳስ ጨምሩና አስተምሩበት።

ስሌቱ አጭር ነው። የምድር ፍጥነት ለብርሃን ፍጥነት ሲካፈል ከ10 ሺህ አንድ ነው፣ በራሱ ሲባዛ ከ100 ሚሊዮን አንድ። የክንዱን ርዝመት በ2 አባዙ፣ ለ100 ሚሊዮን አካፍሉ፣ ለሞገዱ ርዝመት አካፍሉ፤ መሣሪያው 90 ዲግሪ ሲዞር የሚጠበቀው የሽንትር መፈቀቅ ይኸው ነው። በ1887 ማይክልሰንና ሞርሊ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ሲለኩ መንገዱ 11 ሜትር ስለነበር 0.4 ሽንትር ይጠበቅ ነበር። በሳጥናችን 20 ሳንቲ ሜትር 0.006 ነው። ሽንትሩን በስልክ ካሜራ አንስቶ በጥንቃቄ የሚለካ ሰው ከሽንትር 20ኛውን እጅ ቢለይ ጎበዝ ነው፣ ያ 0.05 ነው። ስለዚህ ተማሪው ሰሌዳውን አዙሮ «አልተንቀሳቀሰም፣ ኤተር የለም» ብሎ ቢጽፍ፣ ኤተር ቢኖርም ይህንኑ ይጽፍ ነበር። ማይክልሰንና ሞርሊ ግን 0.4 ጠብቀው ያገኙት ከዚያ 20ኛ እጅ በታች፣ ምናልባትም 40ኛ እጅ በታች ነበር። ባዶ ውጤት ዋጋ የሚኖረው መሣሪያው የሚፈለገውን ነገር ማየት ሲችል ብቻ ነው።

በዚያ ላይ ሰሌዳው ሲዞር ሽንትሩ ዝም አይልም፣ ይነጉዳል። አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከሚሊዮን 23 እጅ ይለጠጣል። አንዱ ክንድ ከሌላው በ1 ዲግሪ ቢሞቅ 14 ሽንትር ይፈቀቃል፤ የተፈለገችውን 0.006 ለማስመሰል ከ1 ሺህ የዲግሪ ግማሽ እንኳ አይፈጅም። እጃችሁን ከአንዱ ክንድ ሥር ብታስጠጉ የሚሞቀው አየር ብቻውን ግማሽ ሽንትር ገደማ ይገፋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነፋስ ከኤተር የመጣ አይደለም። ሥራው ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ ይሁን፣ መስኮት ተዘግቶ፣ መሣሪያው በካርቶን ሳጥን ተሸፍኖ። ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደግሞ ሽንትሩ ጭራሽ ስለማይታይ ሌላ ትምህርት አስተምሩ።

ይህ ሙቀት የክፍል ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዴይተን ሚለር በ1925 እና በ1926 ካሊፎርኒያ ውስጥ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ማውንት ዊልሰን ላይ በ32 ሜትር መንገድ ለክቶ በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የኤተር ነፋስ አገኘሁ አለ። ሐሳቡ ቆላ ላይ ምድር ኤተሩን ይዛው ትሄድ ይሆናል፣ ተራራ ላይ ግን ይነፍሳል የሚል ነበር። ከፍታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የቡራዩ ክፍል ከሱ ተራራ ይበልጥ ነበር። በ1955 ሻንክላንድና ባልደረቦቹ የሚለርን መዝገቦች እንደገና መርምረው ፈቅ ማለቱ ከክፍሉ የሙቀት ልዩነት እንደሚመጣ አሳዩ። ሚለርን ለዓመታት ያደናገረውን ነገር በአንድ የእጅ መዳፍ ማሳየት መቻሉ ይህን ሳጥን ከሚያስወድዱት አንዱ ነው።

ቀጥሎ ንዝረት። ከአስፋልቱ 50 ሜትር ርቆ ባለ ክፍል አንድ ሲኖትራክ ሲያልፍ ሽንትሩ ለ5 እና ለ6 ሰከንድ ይጠፋል። በሳጥኑ የመጡት 4 የፕላስቲክ እግሮች ምንም አይከላከሉም። መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው፦ 40 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የግራናይት ቁራጭ (የኩሽና ጠረጴዛ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ተራፊ አይጠፋም) ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ሥሩ የሞተር ሳይክል የውስጥ ጎማ ግማሽ ድረስ ተነፍቶ ይተኛል። ጎማው ጠጥሮ ከተነፋ ጥቅሙ ይጠፋል፣ ድንጋዩ በጣት ሲገፋ በዝግታ መወዛወዝ አለበት። ማይክልሰንና ሞርሊ ያደረጉት ይህንኑ ነው፦ 1.5 ሜትር ካሬ የሆነና 30 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር የአሸዋ ድንጋይ ሜርኩሪ ላይ አንሳፈው፣ ሳያቆሙት እያዞሩ፣ በአንድ ዙር 16 ጊዜ ያነቡ ነበር፣ አንዱ ዙር 6 ደቂቃ ይፈጃል። ሜርኩሪውን ብቻ አትቅዱባቸው፣ ትነቱ መርዝ ነው።

የሚዞረው መቀመጫ የዚህ ዕቃ ደካማው ክፍል ነው። ኩሽኔታው ይንገጫገጫል፣ ሰሌዳው ሲዞር በትንሹ ይታጠፋል፣ ያ መታጠፍ ብቻ 2 እና 3 ሽንትር ያመጣል። በ0.006 ፊት ይህ ጎርፍ ነው። ሌዘር ላይ ደግሞ ሽንትሮቹ ሁሉ መልካቸው አንድ ስለሆነ፣ መኪናው ሲያልፍ ምስሉ በአንድ ሙሉ ሽንትር ዘሎ ይሁን በቦታው ተመልሶ ማወቂያ የለም። የ1887ቱ ሰዎች መስታወቶቹን በሶዲየም ብርሃን ካስተካከሉ በኋላ ለንባቡ ወደ ነጭ ብርሃን የዞሩት ለዚህ ነው፤ በነጭ ብርሃን መሃለኛው ሽንትር ብቻውን ጥቁር ወይም ነጭ ሆኖ ጎረቤቶቹ ቀለማም ስለሚሆኑ በስም የምትጠሩት ምልክት ይኖራችኋል።

ነጭ ብርሃን በዚህ ሳጥን ይሠራል ወይ? የሚወስነው ማካካሻው ብርጭቆ ነው። የከፋዩ ቅብ ከኋላ ገጹ ላይ ከሆነ አንደኛው ጨረር ስክሪኑ እስኪደርስ የከፋዩን ብርጭቆ 3 ጊዜ ያቋርጣል፣ ሌላኛው 1 ጊዜ። ማካካሻው የጎደለውን 2 ለዚያኛው ክንድ ይሞላል። ለሌዘር ባይኖርም ግድ የለም፤ ነጭ ብርሃን ግን በብርጭቆ ውስጥ እያንዳንዱ ቀለም በየራሱ ፍጥነት ስለሚሄድ ውፍረቱ እኩል ካልሆነ ቀለማቱ አይገጥሙም። የ1887ቱ ሁለት ብርጭቆዎች እኩል 1.25 ሳንቲ ሜትር ነበሩ። በዚህ ሳጥን ሁለቱን ብርጭቆዎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ጥፍራችሁን ከአንዱ ወደ ሌላው ስትጎትቱ መሰናከል የለበትም፤ ከተሰናከለ ነጩን እርሱት። ካልተሰናከለ ከሌዘር በቀጥታ ወደ ነጭ አትዝለሉ፣ ምክንያቱም ነጩ የሚታየው መንገዶቹ በጥቂት ማይክሮን ውስጥ እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። መሃል ላይ ቀይ ኤልኢዲ አስገቡ፣ እሱ 30 ገደማ ሽንትር ስለሚያሳይ ቦታውን ይጠቁማል። ከዚያ ወረቀት የተለጠፈበት የስልክ ፍላሽ። ማይክሮሜትሩን በጣም በዝግታ፤ በአንድ የእጀታ ጭረት አልፋችሁት ልትሄዱ ትችላላችሁ። የተቀባው ገጽ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የወረቀት ጥግ አስጠጉበት፦ ጥጉና ምስሉ ከተነካኩ ቅቡ ከፊት ነው፣ መሃላቸው ክፍተት ካለ ከኋላ።

የአየር ዕቃዋ ጥሩ ናት፣ መመሪያዋ ግን ለባሕር ጠረፍ ሰዎች የተጻፈ ነው። ፓምፑን 60 ሳንቲ ሜትር ሜርኩሪ እስኪያሳይ ሳቡ ይላል። አዲስ አበባ ዙሪያ ያለው የአየር ግፊት በሙሉ ራሱ 58 ገደማ ነው፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ 52። የሌለ አየር ከየት ይሳባል? ፓምፑ ተበላሽቷል ብለው የመለሱ ገዢዎች አሉ፤ አልተበላሸም። አየሩ በሙሉ ቢወጣ 41 ወይም 42 ሽንትር ታልፋለች የሚለውም እንዲሁ፤ እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ 31 ወይም 32 ነው የሚሆነው። የትም ቦታ የሚሠራው ቁጥር ይህ ነው፦ ክፍሉ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ግፊቱ በ10 ሳንቲ ሜትር ሜርኩሪ በቀነሰ ቁጥር 5 ተኩል ሽንትር። 40 ድረስ ሳቡ፣ ቀስ ብላችሁ አየሩን መልሱ፣ 22 ቁጠሩ። ሲለቀቅ መቁጠር ሲሳብ ከመቁጠር ይቀላል፣ ፓምፑ እጃችሁን አያንቀጠቅጥባችሁምና።

ክዳኑ ላይ የሳኛክ ሙከራ (ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሳኛክ መዞርን በብርሃን ያየበት) የሚልም አለ፣ በተጨማሪ መስታወት ብርሃኑን በክብ መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያዞረው። ሽንትሩ ያምራል፣ ሁለቱም ጨረሮች በአንድ መንገድ ስለሚሄዱ ሲኖትራክ እንኳ አይነቀንቀውም። መዞሩን ለመለካት ግን ሰሌዳው ትንሽ ነው፤ ሳኛክ በ1913፣ 866 ካሬ ሳንቲ ሜትር የሚከብ መንገድ በሰከንድ 2 ዙር ያህል አዙሮ ያገኘው ወደ 0.07 ሽንትር ነው፣ በእጅ የሚዞር ኩሽኔታ አይደርስበትም።

የሚገዛ ሰው ሱቁ ውስጥ ሳጥኑን ያስከፍት። መስታወቶቹን በፍላሽ ከጎን ይይ፤ ቅቡ ከፊት ስለሆነ አንድ ጊዜ በጨርቅ የተጠረገ መስታወት ጭረቱ አይሽርም (ቤትም አቧራውን በጎማ መንፊያ ብቻ)። ማይክሮሜትሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሞክር፣ ከሩብ ዙር በላይ ባዶ የሚዞረውን ይተው። ሌዘሩ በብሎን የታሰረውን እንጂ በማጣበቂያ የተለጠፈውን አይግዛ፣ ዳዮዱ ሲቃጠል መቀየሪያ አይኖረውም። ክንዱን ለማርዘም የሚያስብ ካለ 8 ትናንሽ መስታወቶች ለየብቻ ገዝቶ ግራናይቱ ላይ መንገዱን 2 ሜትር ማድረስ ይችላል፣ የሚጠበቀውም 0.06 ይሆናል፤ ነገር ግን አሉሚኒየም መስታወት በእያንዳንዱ ነጸብራቅ 10ኛ እጅ ያህል ብርሃን ስለሚበላ ጨረሩ ደጋግሞ ተንጸባርቆ ሲመለስ ብዙው ብርሃን ጠፍቶ ይገኛል፣ ክፍሉ ደህና አድርጎ መጨለም ይኖርበታል።